የኦቦ ደበላ ባሕር ዛፍ

«ባሕር ዛፍ ወደቀ እኮ!» አለኝ፣ ከሱሉልታ የመጣው የጭነት መኪና ረዳት፣ ቡራዩ ገበያ ላይ ጆንያ እያወረደ። ከድሮው የሱሉልታ ሱቃችን ጀርባ የነበሩት ዛፎች ትዝ አሉኝና ክው አልኩ። «የትኛው? ቤቱ ላይ ነው የወደቀው?» አልኩት። ሰውየው ጆንያውን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ዛፉ አይደለም እትዬ ዘርፌ፤ ሰውየው ናቸው። ኦቦ ደበላ። ሌሊቱን አረፉ፤ ቀብሩ ነገ ነው።»

እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሞት ማልቀስ ነው ወጉ፤ እኔን ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። እሳቸው ይህን ስህተቴን ቢሰሙ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ያወሩት ነበር። እንባው ኋላ መጣ፤ ከመጣም በኋላ አልቆም አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት አይገባም። ሱሉልታ የገባሁት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው፤ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ተደላድለው በተቀመጡበት ዘመን። አገሬ መርሐቤቴ ነው። ባለቤቴ ተሰማ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ ነበረችው። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ደግሞም ከሙገር በረሃ በአህያ የሚመጣ ኖራ እንሸጥ ነበር። ብርዱስ! በኅዳር ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ይነጠፋል። በክረምት ያው ሜዳ ውሃ ይተኛበትና ከብቶቹ ሆዳቸው ድረስ ገብተው ይግጣሉ። ኦሮምኛውን የተማርኩት ከደንበኞቼ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ የገባኝም «መርቂልኝ» የሚሉበት ቃል ነበር።

ኦቦ ደበላን ያወቅኳቸው በጨው ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት የሌለቻቸው ሰው ነበሩ። «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ከጨዉ አንዲት ፍንጣሪ አንሥተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው፣ ጨው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ከዚያ ነው» አሉ።

«ከየት?»

«ከታች። ከእሱ።» ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

ማታ ለተሰማ ስነግረው ሳቀ። «ደህና ገበሬ ናቸው፤ ሰውም አይበድሉም» አለኝ። «አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለባቸው። ባሕር አይተዋል።»

እውነትም አይተዋል። በጉልምስናቸው አንድ ዓመት በሬዎቻቸው በበሽታ አለቁባቸውና በጨው መኪና ተሳፍረው ምጽዋ ወረዱ። ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆኑ። አንድ ቀን ፈረንጆች ዕቃ የሚያወጡበት ገመድ ተበጠሰ። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሳቸው ቁጭ ብለው ሁለቱን ጫፎች ፈታተው፣ እንደ ጠፍር አድርገው ጎንጉነው አንድ አደረጓቸው። መጫኛ መግመድ ለሱሉልታ ገበሬ ምንም አይደለም፤ ፈረንጆቹ ግን እጃቸውን ይዘው መርከባቸው ላይ አወጧቸው። መርከቡ ሸቀጥ አይጭንም፣ ዓሣም አይሸጥም። «የባሕርን ሆድ የሚያይ መርከብ ነው» ይሉ ነበር።

ታሪኩን ሱቃችን ውስጥ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያወሩት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ለገበያችንም ጥሩ ነበር፤ ሊስቅ የመጣ ሰው ቢያንስ ሳሙና ይዞ ይሄዳል።

«አንቺ የመርሐቤቴ ልጅ» ይሉኛል፣ «ባሕር ሜዳ ይመስልሻል። ሜዳው ላዩ ነው።»

መርከቡ ከምጽዋ ተነሥቶ ጠባቡን በር አልፎ ወደ ትልቁ ውቅያኖስ ወጣ። አንድ መሣሪያ አለው፤ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ብዕር የታችኛውን ምድር መልክ ወረቀት ላይ ይስላል። ብዕሩ ለብዙ ቀን ሜዳ ሲስል ቆየ። አንድ ጠዋት ግን ሽቅብ ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ፈረንጆቹ ተጯጯሁ። ኦቦ ደበላ አስተርጓሚውን «ምን ሆኑ?» አሉት። «ተራራ አገኙ» አላቸው። እሳቸው ዙሪያውን ቢያዩ ውሃ ብቻ ነው። «የታለ?» አሉ። ሰውየው የመርከቡን ወለል በጫማው መታ መታ አደረገና፣ «ከእግርህ ሥር» አላቸው።

«ያን ጊዜ የመርከቡን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ» ይላሉ። «እንጦጦን አስቢው ዘርፌ። በላዩ ሌላ እንጦጦ ደርቢበት። ተራራው እሱን ያህላል። ከጫፉ በላይ ደግሞ አንድ ሙሉ እንጦጦ የሚሸፍን ውሃ አለ። ፀሐይ ደርሳበት አታውቅም። እኔ የሱሉልታው ደበላ ሳልወጣ ከጫፉ በላይ ቆሜያለሁ።»

የብረት መረብ አወረዱ። ጠዋት የለቀቁት መረብ ሲመለስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነው። የመርከቡ ወለል እግር ያቃጥላል፤ ኦቦ ደበላ እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ቢከቱ ቀዘቀዛቸው። «የኅዳር አመዳይ ነው እኮ! በዚያ ንዳድ መካከል የአገሬን ብርድ ከባሕር ሆድ አወጡልኝ። አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ።»

ከጭቃው ውስጥ ዛፍ ወጣ። ቁመቱ ሰው ያህላል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው፤ ቅጠል ግን የለውም። ግንዱ ድንጋይ ነው፣ ጫፍ ጫፉ እንደ ጽጌረዳ ይቀላል። ቅርንጫፉ ላይ ብዙ ክንድ ያላት ኮከብ ተጠምጥማ ነበር፤ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዝ ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች። ከብርጭቆ ክር የተሠራ ቅርጫት የመሰለም ነገር ነበር፤ እሱም ነፍስ አለው ተባለ። ደም የመሰሉ፣ እግራቸው የበዛ ፍጥረቶች ይንፈራገጣሉ። ዓይኑ የስኒ አፍ የሚያክል ዓሣም ነበር። ኦቦ ደበላ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ቤተ መቅደስ አጠገብ የቆሙ ነው የሚመስለው።

ከፈረንጆቹ አንዱ፣ ፂማም ሽማግሌ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ወስዶ በረዶ ባቀዘቀዘው የባሕር ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠ። ኦቦ ደበላን በአስተርጓሚ «አጠገቡ ተቀመጥ፤ አትንካው፤ ዝም ብለህ እይ» አላቸው። ተቀመጡ። ምንም የለም፤ ድንጋይ ነው። ቆዩ። አሁንም ድንጋይ ነው።

እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ የቀኝ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ያቆማሉ። ክንዳቸው ግንዱ ነው። ጡጫቸውን ይጨብጣሉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ፣ እንዲያው ቀስ እያሉ፣ ጣቶቻቸውን ይከፍታሉ። አራት ጣት ነው የሚከፈተው፤ አምስተኛዋን የብረቱ ገመድ እዚያው መርከብ ላይ ወስዷታል።

«ከፈተ» ይላሉ በሹክሹክታ። «ዛፉ እጁን ከፈተ። በየጫፉ አንድ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ጣት። ፈረንጁ ፍርፋሪ ሥጋ ቢጥልለት ጨብጦ በላ። ዛፍ አይደለም ዘርፌ፣ እንስሳ ነው። አንድም አይደለም፣ መንደር ነው። ከድንጋይ ጎጆ እየሠራ፣ ጎጆ በጎጆ ላይ እየቀጠለ የሚኖር መንደር።»

ላምባ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ጠርሙሱን እንደያዘ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ «እንስሳ ከሆነማ በጾም አይበላም» እላለሁ። እሳቸው አይቆጡም።

ኋላ ፈረንጆቹ ፎቶግራፍ ማንሻ ከመብራት ጋር አስረው አወረዱ። ሥዕሉ ታጥቦ ሲወጣ ለኦቦ ደበላም አሳዩአቸው። የተራራው ጎን ደን ነበር፤ ሮዝ፣ ብርቱካን፣ ነጭ ደን። «የሚገርመኝ ቀለሙ ነው» ይሉ ነበር። «ብርሃን በሌለበት ቀለም ምን ያደርጋል? ያ መብራት እስኪወርድ ማንም አላየውም። ተራራው ራሱ አላየውም። እግዜር ማንም በማያይበት ጨለማ ይህን ሁሉ ለማን ብሎ አሳመረው?» «እንዴት ነው ድንጋይ ነፍስ የሚኖረው?» ብሎ የሚከራከራቸው ሰው ሲመጣ መልሳቸው አንድ ነበር። «አይቻለሁ አልኩ እንጂ ገብቶኛል አላልኩም።»

ችግሩ የጀመረው በቃል ነው። ከምጽዋ እንደተመለሱ ገበያ መካከል ቆመው፣ «ባሕር ውስጥ ዛፍ አየሁ» አሉ። «ባሕር ዛፍ?» አለ ሰው። «እንጦጦ ሙሉ አይደል እንዴ! ለእሱ ነው ምጽዋ ድረስ የወረድከው?» ሳቅ ሆነ። ኦቦ ደበላ አማርኛው ይሆናል ያሳሳተኝ ብለው በኦሮምኛ ሞከሩ። ይባስ ብሎ ሁሉም «ባርጋሞ! ባርጋሞ!» ብለው ጮኹ። ባርጋሞ ያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው ይላሉ። በሁለት ቋንቋ አስረድተው በሁለት ቋንቋ ተሳቀባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ባሕር ዛፍ ሆኖ ቀረ። በቅርቡ ተማሪዎች የዚያ እንስሳ ስም ኮራል ነው ብለውኛል፤ ይሁን፣ እኔ ግን ከለመድኩት አልወጣም።

ማስረጃ የለኝም አይሉም ነበር። ፂማሙ ፈረንጅ የሰጣቸው የጣት ርዝመት ያላት ቅርንጫፍ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥራ ትዞር ነበር። ስትሞት ቀለሟ ሄዶ ነጭ ሆናለች። ጫፏን ቀርቦ ላየ ትንሽ ዋንጫ ነው፤ በዋንጫው ውስጥ ከዳር ወደ መሐል የሚሄዱ ቀጫጭን ግድግዳዎች ኮከብ ሠርተዋል። ግን ማን ቀርቦ ያያል? ሁሉም «የበግ አጥንት ነው» አለ። አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ ቅርንጫፏን ነጥቆ ሮጠና ትንሽ አኝኮ ተፋት። ኦቦ ደበላ አንሥተው በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «አጥንት ብትሆን ይተዋት ነበር?» አሉ። በዚያን ጊዜ ያመናቸው ያ ውሻ ብቻ ነው።

ሳቁ ሳቅ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር።

አዴ ጫልቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችን። ሦስት ልጆች አሏት። መሬቷ ከባላምባራስ መንገሻ መሬት ጋር ይዋሰናል። ባላምባራስ ብዙ መሬት ያላቸው፣ ሳቃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ የሰውን አነጋገርና ሁኔታ በማስመሰል የታወቁ ሰው ናቸው፤ ኦቦ ደበላንም እንደሳቸው የሚያስመስል አልነበረም። የጫልቱ ባል በሞተ በዓመቱ የድንበሩ ድንጋይ ነው የተባለ ጥቁር ድንጋይ ከቦታው ርቆ ቆሞ ተገኘ። በወንዙ ዳር ያለው ቁራጭ ሁሉ ወደ ባላምባራስ ገባ። ያ ቁራጭ ከሄደ የጫልቱ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት የላቸውም፤ ከብቶቹ ከሄዱ ደግሞ ጎጆዋ ይፈታል። ባላምባራስ «ድንጋዩ ድሮም እዚያ ነው» አሉ። ድንበሩ ሲተከል ቆመው ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት ኦቦ ደበላ ብቻ ነበሩ።

አጥቢያ ዳኛው ነገሩን ወደ ሽማግሌ መራው። ሽማግሌዎቹ ትልቁ ወይራ ሥር ተቀመጡ፤ ሰብሳቢያቸው ኦቦ ቱፋ የሚባሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። እኔም ሱቁን ለተሰማ ትቼ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ ለምስክርነት ተነሥተው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ።

«ሽማግሌዎች፣ ምስክር የሚታመነው በአፉ ነው። የዚህን ሰው አፍ አገር ያውቀዋል። ባሕር ውስጥ ተራራ አለ ይላል። ተራራው ላይ የድንጋይ ዛፍ አለ ይላል። ዛፉም እንዲህ አድርጎ…» ብለው ክንዳቸውን አቆሙ። ትንሿን ጣታቸውን አጥፈው አራቱን ቀስ አድርገው ከፈቱ። «…ሥጋ ይበላል!»

ወይራው ሥር ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ጫልቱ ብቻ አልሳቀችም።

ኦቦ ቱፋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ደበላ» አሉ፣ «ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። ሶባ አታውቅም ነበር፤ ውሸት ከቤታችሁ አልነበረም። አሁን አንድ ነገር አድርግልን። የባሕሩን ነገር ለጨዋታ ነው ያወራሁት በል። እኛም ስቀን እናልፈዋለን። ምስክርነትህን እንቀበላለን፤ ይህችም ሴት እንዳትጎዳ።»

ብልህ መላ ነበር። ለጨዋታ ነው። ሁለት ቃል ብቻ! ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ሆነ። ኦቦ ደበላ የነጠላቸውን ቋጠሮ ዳሰሱ። ጫልቱ ተነሥታ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ኦቦ ደበላ፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ። ባሕሩ የት፣ እኛ የት! ቢዋሽበት ምን ይሆናል? አይሰማ፣ አይከስ!»

ከመሬት አነሧት። «እውነትሽን ነው አዴ ጫልቱ፣ ባሕር አይከስም» አሉ። «ግን ያየሁት በእነዚህ ዓይኖች ነው። የባልሽን ድንበርም ያየሁት በእነዚሁ ነው። ሌላ ዓይን የለኝም። ያኛውን ውሸት ነው ካልኩ ይሄኛውን እንዴት እውነት ነው ልበልሽ?»

እኔ በዚያች ሰዓት አናታቸውን በድንጋይ ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር። የሦስት ልጆች እናት ፊታቸው ቆማ ለአንድ የባሕር ዛፍ! ጫልቱ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባላምባራስ ካባቸውን ሰብስበው፣ «አለቀ እንግዲህ» ብለው ተነሡ።

«ይቀመጡ ባላምባራስ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ሰውየው ስለ ባሕሩ ነው የተናገረው። ስለ ድንበሩ ገና አልተጠየቀም። ደበላ፣ ድንጋዩ ምን ዓይነት ነበር?»

«ነጭ» አሉ ኦቦ ደበላ።

እንደገና ሳቅ። የሱሉልታ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ማሳው ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ወንዙ ውስጥ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

«ድንበሩን እንዲተክል የታዘዘው አባቴ ለዚያ እኮ ነው ነጭ የመረጠው» አሉ። «ጥቁር ድንጋይ ማንም ከማሳው አንሥቶ ድንበር ነው ይላል። ከኖራ ነጋዴዎች ሁለት የሙገር ድንጋይ አስመጣ። አንዱን ከላይ አቆመው። ሌላውን ከሥሩ፣ ክንድ ሙሉ ቆፍሮ ቀበረው። ‹የላዩን ሌባ ያነሣዋል፤ የታቹን ግን አያውቀውም፤ ምስክሩ እሱ ነው› አለኝ። አፈሩን የመለስኩበት እኔ ነኝ። አበባ ያለበት ድንጋይ ነው።»

«ሰማችሁ?» አሉ ባላምባራስ። «ባሕር ውስጥ የድንጋይ ዛፍ፣ ሱሉልታ ደግሞ የድንጋይ አበባ!»

ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «መሬቱ ሩቅ አይደለም» አሉ። «አበባውን ሄደን እናየዋለን።»

ሕዝቡ ሁሉ ተከተለ። ኦቦ ደበላ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጀርባቸውን ለእንጦጦ ሰጡ፣ የወንዙን መታጠፊያ አዩ፣ ትንሽ ወደ ግራ ሄዱና በከዘራቸው መሬቱን ወጉ። «እዚህ።» ሁለት ጎልማሶች ቆፈሩ። መጀመሪያ ጥቁር አፈር፣ ከዚያም ጥቁር አፈር። ባላምባራስ ሳል ሳል አሉ። ጫልቱ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ጉድጓዱ ክንድ ሲሞላ ዶማው ድንጋይ መታ፤ ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ በእጁ ጠረገና፣ «ነጭ ነው» አለ።

አወጡት። ከወንዙ ውሃ በቅል ቀድተው አጠቡት። ነጩ ድንጋይ ላይ አበቦች ነበሩ፤ ክብ ክብ ሆነው፣ አንዱ በአንዱ ጎን ተጣብቀው፣ ከእያንዳንዱ ዳር ወደ መሐል ቀጫጭን መስመሮች ይገባሉ። ኮከብ ይመስላሉ።

ጫልቱ እልል አለች። ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ። እኔ ግን ኦቦ ደበላን ነበር የማየው። ደስታ ፊታቸው ላይ አልነበረም። የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ያችን ቅርንጫፍ አወጡና ጫፏን ከድንጋዩ አበባ አጠገብ ያዙት። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

እሳቸውም አያውቁም ነበር። በጉብዝናቸው አበባውን አውቀዋል፤ መርከብ ላይ ኮከቡን አውቀዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩት ግን ያን ቀን ነው።

«ምንድን ነው ደበላ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ያው ነው» አሉ። ድምፃቸው አይሰማም። «ኦቦ ቱፋ፣ ያው ነው። መንደሩ ነው።»

ሽማግሌው አጎንብሰው ቅርንጫፏን ተቀበሉ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ድንጋዩን አዩ፤ እንደገና ቅርንጫፏን አዩ። በጣታቸው የአበባውን መስመሮች ዳሰሱ። ከዚያም ቀና ብለው ሜዳውን ዞረው አዩትና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ገላኒ አስ ቱሬ?» አሉ። ባሕሩ እዚህ ነበር እንዴ ማለታቸው ነው።

ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ አንድ እግሩን አነሣና የቆመበትን መሬት አየ። እኔ ቀና ስል እንጦጦ ከነዛፉ ቆሟል፤ ከላዩ ሰማይ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ጭልፊት ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ይዞራል። ውሃ ውስጥ የሚዋኝ መሰለኝ። ራሴን ያዝኩ። ያ በቁና እየሰፈርኩ የምሸጠው የሙገር ኖራ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የተለቀለቀበት፣ ሁሉም ከዚያ መንደር ነው ማለት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ከእጄ አራግፌዋለሁ! ፈራሁ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

«ዱጋዳ» አሉ ኦቦ ቱፋ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። ስለ ድንበሩ ይሁን ስለ ባሕሩ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ጫልቱ መሬቷን አገኘች። የላይኛውን ድንጋይ ማን እንዳነሣው አልተጣራም። ባላምባራስ «የእኔ አራሾች ይሆናሉ» አሉ፤ እውነቱን እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ። ግን ከመሄዳቸው በፊት ጉድጓዱ አፍ ድረስ መጥተው ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ከዚያ በኋላ ሱቃችን ሲመጡ ሸቀጣቸውን ገዝተው በዝምታ ይሄዱ ነበር፤ ያ ሳቃቸው ገበያችን ውስጥ ጠፋ።

ነጩ ድንጋይ እዚያው ተተከለ፤ አሁን ግማሹ ከመሬት በላይ ሆነ። ኦቦ ደበላ ከማሳ ሲመለሱ ሁልጊዜ እዚያ ይቆማሉ። መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፣ እንደ በሬ አንገት ይደባብሱታል። የባሕር ዛፍ ስማቸው አልተለወጠም፤ የሚጠሯቸው ሰዎች ድምፅ ግን ተለወጠ። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ የድሮ ጥያቄአቸውን ደገሙት። «ለማን ብሎ አሳመረው?» አሉ። ኦቦ ቱፋ በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «እኔ እንጃ» አሉ። «ብቻ ለማሳየት ሲፈልግ የማይዋሽበትን ሰው ነው የመረጠው።» ኦቦ ደበላ አፍረው ወደ ጨው ጆንያው አጎነበሱ።

ኋላ ተሰማ ወፍጮ ገዛና ቡራዩ ገባን። ሱሉልታ ለቅሶ ካልሆነ አልሄድም ነበር። ይኸው አሁንም ለለቅሶ ሄድኩ።

ክረምት ነበር። ሜዳው በሙሉ ውሃ ነው፤ አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች በዳር በዳር ዞረው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። አዴ ጫልቱ ፀጉሯ ነጭቷል። ከጎኔ ተቀምጣ ከመቀነቷ ውስጥ አንድ ጨርቅ አወጣችና ፈታችው። ያች ቅርንጫፍ ናት። «በመጨረሻ ለእኔ ሰጡኝ» አለችኝ። «‹ድንበርሽን ጠብቃለች፤ አንቺም ጠብቂያት› ብለው።» ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

ከአዲስ አበባ የመጣ አማቿ አጠገባችን ነበር፤ ደህና ሰው ነው፣ ለማጽናናት ብሎ ነው የጠየቀው። «እማማ፣ ይህ አጥንት የምንድን ነው?»

ጫልቱ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከማዕዘኑ ከዘራ መሬት መታ። ባላምባራስ መንገሻ ናቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ለቅሶ መምጣታቸውንም አላየሁም ነበር።

«አጥንት አይደለም» አሉ። «ባሕር ዛፍ ነው። ነፍስ ነበረው። ና፣ እዚህ ቁጭ በል፣ ላሳይህ።»

ሰውየው ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ባላምባራስ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና የቀኝ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። ጡጫቸውን ጨበጡ። ትንሿን ጣታቸውን አጠፉ። ከዚያም ቀስ እያሉ፣ እንዲያው ቀስ እያሉ፣ አራቱን ጣቶቻቸውን ከፈቱ።

የድሮውን ሳቅ ጠብቄ ፊታቸውን አየሁ። አልሳቁም።